ምሽጉ በተዘጋበት ክረምት የነጯ ባዝራ ነገር

የሳን ኢሲድሮ ዕለት፣ በግንቦት፣ ከእራት በኋላ

ብዕሩን የያዘው የአበልጄ የዶኛ ካሲልዳ እጅ ነው፤ አፉ የእኔ የክሬሰንሲዮ ባካ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ዕድሜዬን ሙሉ የምሽጉን የጭነት በቅሎዎች ነድቻለሁ፤ በቅሎ ደግሞ ማንበብ ትችላለህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አበልጄ ግን ሳንታ ፌ ከመነኮሳይያቱ ዘንድ ተምረዋል። ባላቸው ሃምሳ አለቃ ሃሎራን፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሕይወት ሳለ ደብዳቤውን ሁሉ የሚጽፉለት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸውን ፍሎሬንሲዮን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አበልጅነታችን ከዚያ ነው።

ማስጻፍ ያማረኝ በሻምበሉ ምክንያት ነው። ሻምበል ፔልሃም ባለፈው ሳምንት እርሳስ ይዞ በረቱ ድረስ መጣና «የምሽጉን ታሪክ እየጻፍኩ ነው፤ የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ» አለኝ። ከጠዋት እስከ ምሳ ነገርኩት። የጻፈውን ብረት ቀጥቃጩ አስር አለቃ ጦቢያስ አነበበልኝ። «ምሽጉን የሠራው ሦስተኛው ክፍለ ጦር ነው» ይላል። ሦስተኛው ክፍለ ጦር! ሦስተኛው ክፍለ ጦር ጥላ ሥር ቆሞ በጣቱ ሲጠቁም ነው የከረመው። ጭቃውን በእግራችን የረገጥን፣ ገለባውን ያቦካን፣ ጡቡን ፀሐይ ላይ የደረደርን እኛ የኦሆ ብላንኮ መንደር ሰዎች ነን። ግድግዳውን የለሰኑት እናቶቻችን ናቸው። የምሥራቁን ግድግዳ ዛሬም ሄዶ ያየ ሰው የእናቴን መዳፍ ያገኘዋል።

ስለዚህ እሱ ያለፈውን ይጻፍ፤ እኔ የዘንድሮውን አስጽፋለሁ። ዓይኔ እያየ የሚሆነውን ማንም አይነጥቀኝም።

አበልጄ ውል አስገብተውኛል። «ያልወደድኩትን አልጽፍም። መጨረሻ ላይ አነብልዎታለሁ፤ የሌለውን ያኔ ይሰሙታል» አሉኝ። እሺ አልኩ። መጀመሪያ ያስጻፍኩትን ሲያነቡልኝ ስለ ሻምበሉ ጺም የተናገርኩት ሁሉ የለም።

«የሻምበሉ ጺም የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ላጨሁት» አሉ።

ይኼን ግን የራሳቸው ቀልድ ስለሆነ ጽፈውታል።

ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ቦሎቄው በቅሏል። ጉልበቴ ደህና ነው። ከቅዝቃዜው ወር ጀምሮ ያበጠው የበቅሎው እግር ድኗል፤ የዳነውም በእኔ እጅ ነው።

ቅዳሜ

ትእዛዙ መጣ። ምሽጉ ይዘጋል። ወታደሩ በነሐሴ ጨርሶ ይለቃል፤ በቅሎዎቹ እስከ ባቡር ጣቢያው ተነድተው ከዚያ ወደ ምዕራብ ይጫናሉ። እኔ ሽማግሌ ስለሆንኩ አልጫንም። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ኦሆ ብላንኮ ቤት አለኝ፣ ሁለት ክፍል፣ ደረቅ ጣሪያ።

ያልተመቸኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። መርማሪ መኮንን መጥቶ እንስሶቹን አንድ በአንድ አየና ሞንሃ ትከሻ ላይ የማይረቡ እንስሳት ምልክት አስደረገባት። ሞንሃ ማለት መነኩሲት ማለት ነው፤ ነጭ ስለሆነችና ወንድ ስለማትወድ የወጣላት ስም ነው። ደወል የምታስረው ባዝራችን እሷ ናት። በቅሎ ሰው አይከተልም፤ ጅራፍም አይከተልም። ደወል ያሰረች ነጭ ባዝራ ከፊት ካለች ግን ገደል ድረስ ይከተላል። በረሃውን ሁሉ ያቋረጥነው በእሷ ደወል ነው። አሁን አርጅታለች። ያረጀ የመንግሥት እንስሳ ደግሞ ሰራዊቱ ሲለቅ በጥይት ይሰናበታል፤ ደንቡ ነው።

ተኳሹ አስር አለቃ ጦቢያስ ነው። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ መጣ። «ዶን ክሬሰንሲዮ፣ እግዜር ያሳይዎ፣ ሻምበሉን ይጠይቁት። ቢጠይቁት ይሰጥዎታል። እኔን ከዚህ ያውጡኝ» አለኝ።

«እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም» አልኩት።

«ልመና አይደለም፣ ጥያቄ ነው።»

«ልዩነቱን ለብረትህ ንገረው» አልኩት።

አበልጄም «ጦቢያስ እውነቱን ነው» አሉ። የእሳቸውን አስተያየት ማንም አልጠየቀም፤ ጽፈውታል ግን።

የሳን ሁዋን ዕለት

ጎህ ሲቀድ ሁሉም ሰው ወንዝ ወርዶ ታጠበ። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ልብ የሚያነቃ ነው። ወጣቶቹ ፈረስ አሽቀዳደሙ። አበልጄ የሰማያዊ በቆሎ አጥሚት ሠርተው ሰጡኝ፤ ሁለት ሳህን ጠጣሁ።

ከልጃቸው ከፍሎሬንሲዮ መልእክት መጥቷል። ምሽጉ ሲዘጋ የወታደር ልብስ ማጠቡም ስለሚያበቃ «ኤል ፓሶ መጥተሽ ከእኛ ጋር ኑሪ» ብሏቸዋል። ጥሩ ነው አልኳቸው። ኤል ፓሶ ትልቅ ከተማ ነው አልኳቸው። ልጁም ጥሩ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት አልኳቸው።

ዛሬ ሌላ የሚጻፍ የለም።

ከሳን ሁዋን በኋላ፣ ረቡዕ

ወደ ሻምበሉ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ደፉ ላይ ቆምኩ።

«ምን ልርዳዎት፣ ዶን ክሬሰንሲዮ?» አለኝ።

«ዝናብ ሊመጣ ነው» አልኩት።

ወደ ሰማይ አየ። «ሊመጣ ነው» አለ።

ተመለስኩ።

ዓርብ

መጣ። በረቱ ጎርፍ ነው። ገመድ ረጥቧል፣ ደላድሉ ረጥቧል፣ ጫማዬ ረጥቧል። አንድ በቅሎ ነከሰኝ፤ ነከስኩት። አበልጄ አልጽፍም አሉ። እውነት ነው፣ ይጻፉ አልኳቸው። ጻፉ።

የሐምሌ መጀመሪያ እሑድ

ፈረንሳዊው ቄሳችን ፓድሬ ሊዮን መጥተው ቀደሱ። ከቅዳሴ በኋላ ብቻቸውን አግኝቼ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ለራሴ አይደለም፤ ለአንድ የማውቀው ሰው ነው።

«አባቴ፣ አንድ ሰው የክርስትና ልጁን እናት ማግባት ይችላል? ባሏ የሞተባት ከሆነች ማለቴ ነው።»

«አበልጅ ከአበልጅ አይጋባም፤ የመንፈስ ዝምድና ነው። ግን ሊቀ ጳጳሱ ሊፈቅዱ ይችላሉ» አሉ።

«መቼ ነው የሚፈቅዱት?»

«ሰውየው ሲጠይቃቸው።»

«ሳይጠየቁ አይፈቅዱም?»

«ክሬሰንሲዮ፣ ሊቀ ጳጳሱ ሳንታ ፌ ተቀምጠው የዚያን ሰው ሆድ በምን ያውቁታል?» ብለው ሳቁ። «ለመሆኑ ሴትዮዋን ጠይቋታል?»

«ገና ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ከእሷ ይጀምር።»

ፈረንሳዮች ሁሉን ነገር ቀላል ያደርጉታል።

አበልጄ ይኼን ጽፈው ቀና አሉና «ማን ነው ሰውየው?» አሉኝ።

«አያውቁትም» አልኳቸው።

«በዚህ ሸለቆ ሸሚዙን ያላጠብኩለት ወንድ የለም።»

«ከሩቅ ነው።»

«ከሩቅ ከሆነ መንገድ ላይ እንዳይመሽበት» አሉና ብዕሩን ቀለም ነከሩ።

ማክሰኞ

ሻምበሉ ቢሮ። «ቦዮቹ ሞልተዋል» አልኩት። «ይመስገን» አለ። ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮታል። ምናልባት ለብርሃኑ ይሆናል።

የሳንታ አና ዕለት

ትላንት ሳንቲያጎ ነበር፣ የወንዶች ቀን፤ ጋለብን፣ አቧራ ጠጣን፣ ገባን። ዛሬ የሴቶቹ ነው። በሳንታ አና ዕለት የኦሆ ብላንኮ ሴቶች ሁሉ ፈረስ ላይ ወጥተው መንደሩን ይዞራሉ፤ ወንድ ደግሞ ልጓም ይይዛል፣ ምሳ ይጠብቃል፣ አፉን ይዘጋል።

ጠዋት አበልጄ በረቱ ድረስ መጥተው «አበልጄ፣ ዛሬ ሞንሃን ይስጡኝ፣ ልጋልባት» አሉኝ። እንዲሁ። በቃ። ደፍ ላይ መቆም የለ፣ ዝናብ የለ።

ኮርቻውን እያጠበቅኩ «መጠየቅ አላሳፈረዎትም?» አልኳቸው።

«ምኑ ያሳፍራል? እምቢ ቢሉኝ በእግሬ እሄድ ነበር።»

ይኼን ነገር ቀኑን ሙሉ አሰብኩት።

ሞንሃ እሳቸውን ይዛ ስትወጣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ ደወሏን አልፈታሁም። አበልጄ የመንደሩ ምንጭ ጋ ሳይደርሱ የበረቱ አግዳሚ ሲሰበር ሰማሁ። የሰራዊቱ በቅሎዎች በሙሉ ወጡ። ሴቶቹ ባለ ሪባን ኮፍያቸውን አድርገው፣ መዝሙር እየዘመሩ፣ ከኋላቸው የመንግሥት በቅሎዎች በአንድ መስመር እንደ ዲያቆን ተሰልፈው መንደሩን ሦስት ጊዜ ዞሩ። የሻምበሉ ሚስት በረንዳ ላይ ቆማ አጨበጨበች። አበልጄ ወደ ኋላ ዞር ብለው አይተው ሳቁ። ጸጉራቸው ተፈትቶ ነበር። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ነበር፤ ግን አየሁ።

የማስታውሰው ጥሩ ቀን ብዙ ነው። ይኼ ከነሱ ይቆጠራል።

ከሳንታ አና በኋላ፣ ሐሙስ

የመስኖው ቦይ ጋ ሁለት ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ እኔ ከቁጥቋጦው ወዲያ በቅሎ አጠጣ ነበር።

«ሽማግሌው በየማታው ዶኛ ካሲልዳ ዘንድ ታሪክ ነው የሚያስጽፈው?»

«ታሪክ ነው አሉ።»

«አያልቅም እንዴ ታሪኩ?»

«የእሳቸውም ቀለም አላለቀም።»

ተሳሳቁ። በቅሎዋን ይዤ በሌላ መንገድ ሄድኩ።

አበልጄን «ይኼን ይጽፉታል?» አልኳቸው።

«ሐሜት ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ብዕሩ ሲፋቅ ሰማሁ።

ሰኞ

ጣሪያ ማንሳት ጀመሩ። የሰፈሩን አግዳሚ ሁሉ፣ በሩን፣ የመስኮቱን ፍሬም ሸጡት፤ የኦሆ ብላንኮ ሰው በትከሻውና በጋሪው እያጋዘ ነው። ወንድሜ ከተራራ ያወረደውን ግንድ የወንድሜ ልጅ ወደ ቤቱ ወሰደው። ወታደሮቹ ይተኙበት የነበረው ክፍል ውስጥ ዛሬ ዘነበ። ግድግዳው እንደ ሻማ መውረድ ጀምሯል።

ጦቢያስ «አያሳዝንዎትም?» አለኝ።

አላሳዘነኝም። ጭቃውን ያነሳነው ከዚህ ሜዳ ነው፤ ሜዳው የራሱን ቢወስድ ምን አለበት። ወጣት ሆኜ እዚህ ግድግዳ ሥር ዘፍኛለሁ፣ ሰክሬያለሁ፣ ካርታ ተበልቻለሁ። ይኼን ዝናብ አያጥበውም። የእናቴ መዳፍ ያለበት ግድግዳ ደጀ ሰላም በመሰለ ጥግ ተከልሎ እስካሁን አለ። እጄን ለክቼበት መጣሁ። የእሷ ከኔ ያንሳል።

ሻምበሉ ቢሮ ጣሪያው ገና አለ። «ጣሪያዎ አለ» አልኩት። «እስካሁን አለ» አለ። ተመለስኩ።

አህያ ነህ፣ ክሬሰንሲዮ። አህያ ነህ።

አበልጄ ይኼን ወዲያው ጻፉት። «ስድብ አልጽፍም አላሉም ነበር?» አልኳቸው።

«ስድብ አይደለም» አሉ።

የሳን ሎሬንሶ ዕለት

ረጅም ነው የማስጽፈው፤ አበልጄ እጅዎን ያሟሹ።

ሻምበሉ አዲስ ዳማ ባዝራ አስመጥቷል፤ ወጣት፣ ቆንጆ፣ ጭንቅላቷ ባዶ። ደወሉን ከሞንሃ አንገት ፈትተው ለእሷ አሰሩላት። ከጉዞው በፊት ለሙከራ በቅሎዎቹን ጭነን እስከ ደረቁ ወንዝ እንድንወስዳቸው ታዘዝን። ጭነቱ የሻምበሉ ቤት ዕቃ ነው። ከፊት ዳማዋን ጦቢያስ ይዟል፤ እኔ ከኋላ ነኝ።

ሞንሃን ለጥላው ብዬ በምዕራቡ በረት አስሬያት ነበር። የምዕራቡ በረት መንገዱ ዳር ነው። እኔ ምን ላድርግ? በረቱን እዚያ ያደረገው ሦስተኛው ክፍለ ጦር ነው።

በቅሎዎቹ ደወሉን ሰሙ፣ ዳማዋን አዩ፣ ደወሉን ሰሙ፣ ዳማዋን አዩ። አመኑ ማለት ይቻላል። በረቱ አጠገብ ስንደርስ ግን ሞንሃ ጭንቅላቷን አውጥታ አንድ ጊዜ ብቻ አሽካካች። ተራ ነገር ነው፤ ደህና ዋላችሁ ማለቷ ነው። በቅሎዎቹ በአንድነት ዞሩ። አጥሩ ወደቀ። የሻምበሉ ሚስት የሸክላ ሰሃኖች ያሉበት ሳጥን በመጨረሻው በቅሎ ላይ ነበር፤ ነበር ነው የምለው። ዳማዋ ራሷ ደወሏን እያንቃጨለች ወደ ሞንሃ ሮጠች።

ሻምበሉ እየሮጠ መጣ። «ይህቺን ባዝራ እዚህ ያሰራት ማን ነው?»

«ጥላ አለው» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። ጺሙ ተንቀጠቀጠ፤ መቆጣቱ ይሁን መሳቁ አልለየሁም። «እሺ። እስከ ባቡር ጣቢያው እርስዎና እሷ ትመራላችሁ። ግን ወረቀቷ አልተለወጠም። ባቡር ላይ አትጫንም፤ ነገሩ እዚያው ጣቢያው ላይ ያልቃል።» አልሄደም። «ሌላ የሚሉኝ ነገር አለ፣ ዶን ክሬሰንሲዮ?»

ጦቢያስ ከኋላው ሆኖ በሁለት እጁ ይለምነኛል። አፌን ከፈትኩ።

«ሰሃኖቹ ያሳዝናሉ» አልኩ።

አበልጄ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጠው ግንባራቸውን ያዙ። «አንድ ሰው ሊሰጥዎት እጁን ዘርግቶ ሳለ!» አሉ። «የሚፈልጉትን በሌላ ሰው አፍ እስኪያስጠይቁ ነው ወይስ እንደ ሞንሃ እስኪያሽካኩ ነው የምንጠብቀው?»

«የምንጠብቀው ያሉት እነማንን ነው?» አልኳቸው።

ቀለሙን ዘግተው እንቅልፌ መጣ አሉ። ይኼን በማግስቱ ነው ያስጻፍኩት።

የአሱንሲዮን፣ የእመቤታችን ዕርገት ማግስት

መቃብሩን ከፈቱ። የወታደሮቹ አጽም በትንንሽ ሳጥን ሆኖ ወደ ሳንታ ፌ ወደ ሰራዊቱ መቃብር ይሄዳል። ሃሎራንም ተነሳ። አበልጄ ጥቁር ለብሰው ቆመው አዩ። አላለቀሱም። «በሕይወቱ ሙሉ ሳንታ ፌ አዛውሩኝ እያለ ይጽፍ ነበር፤ የምጽፍለትም እኔ ነበርኩ። ይኸው ጸደቀለት» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ትንሽ።

ሳጥኑን ለማንም አልሰጠሁም። እርጋታ ባላት በቅሎ ላይ ራሴ ጫንኩት፣ መጫኛውን ራሴ ቋጠርኩት። የእኔ ቋጠሮ አይላላም፤ ይኼን ወዳጅም ጠላትም ያውቀዋል። ስጨርስ ሳጥኑን መታ አድርጌ «ሃሎራን፣ ልጅህን ደህና አድርጌ አሳድጌልሃለሁ። ስለ ሌላው ደግሞ እንዳትቀየመኝ» አልኩት።

አበልጄ ከበቅሎዋ ወዲያ ቆመው ኖሯል። «ሌላው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«በቅሎዋ ታንገጫግጨዋለች ማለቴ ነው» አልኩ።

«በእርጋታዋ መርጠው አይደል የጫኑባት?» አሉ።

በቅሎዎቹን ላጠጣ ሄድኩ።

በመንገድ፣ የመጀመሪያው ሰፈር

ሰንደቁ ወረደ፣ መለከቱ ተነፋ፣ ወጣን። ወታደሩ ከኋላ፣ እኔና ሞንሃ ከፊት። ደወሉ ወደ አንገቷ ተመልሷል። አበልጄም ከእኛ ጋር ናቸው፤ የባላቸውን ሳጥን እስከ ባቡሩ ሸኝተው፣ እሱ ወደ ሰሜን ሲሄድ እሳቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ኤል ፓሶ፣ ወደ ልጃቸው ይሄዳሉ። አሁን የሚጽፉት በሻንጣቸው ላይ ነው።

ኦሆ ብላንኮን ስናልፍ ሰው ሁሉ ወጥቶ እጁን አውለበለበ። ሴቶቹ «ታሪኩ አለቀ እንዴ ዶን ክሬሰንሲዮ?» ብለው ጮሁ። አልመለስኩም።

ሁለተኛው ሰፈር፣ ከጥዱ ሥር

በግ ታርዷል። ቦሎቄ፣ ቀይ በርበሬ፣ ትኩስ የቶርቲያ ቂጣ። ሦስት ጊዜ ተጨመረልኝ። ዝናቡ ከሩቅ ተራራ ላይ ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ ሽታው ብቻ ነው የመጣው። ከዚህ የተሻለ ነገር በዓለም ላይ ካለ አልነገሩኝም።

ወጣት ሆኜ አፓች ሕንዶቹን ስናሳድድ እዚህ ጥድ ሥር አድረናል። ስናሳድድ እላለሁ እንጂ እነሱ ውሃውን ያውቁት ነበር፣ እኛ የምናውቀው አቧራውን ነው። አንድ ጠዋት የጠፋችብንን በቅሎ አንድ አፓች ሰውዬ እየሳበ አምጥቶ እዚያ ኮረብታ ላይ አስሯት ሄደ። «መልሳችሁ ውሰዷት፣ ብዙ ትጮሃለች» ማለቱ ነበር መሰለኝ። ሻምበሉ ይኼን ጽፏል? አልጻፈም። እኔ አስጻፍኩ።

አበልጄ «ነገ ጣቢያው እንደርሳለን» አሉ።

«እንደርሳለን» አልኩ።

«እና?»

«ሰማዩ ጥሩ ነው» አልኩ።

ብዕሩን እንደ ቢላ አስቀመጡት።

ባቡር ጣቢያው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል

እስካሁን ያስጻፍኩት ሁሉ ለዚህ ቀን ነበር መሰለኝ።

በቅሎዎቹ ባቡሩን ሲያዩ እግራቸውን ተከሉ። ሞንሃን ይዤ በሳንቃው ወጣሁ። ባቡር አይታ አታውቅም፤ ግን እኔ ስገባ ገባች። እነሱ ደወሉን ተከትለው አንድ በአንድ ገቡ። ከዚያ በወዲያኛው በር ሳብ አድርጌ አወጣኋት፣ በሩ ተዘጋ። በቅሎዎቹ ውስጥ ሆነው መጮህ ጀመሩ። እሷ ቆማ ጆሯዋን አቀናች። ደወሉን ፈትቼ በፍርግርጉ በኩል ከፊት ላለችው ዳማ አሰርኩላት። የሞንሃ አንገት ባዶ ሲሆን ትንሽ መሰለችኝ።

ጦቢያስ ከውሃው ጋን ኋላ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ጉንጩ እርጥብ ነው። ሻምበሉ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። አበልጄ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ያዩኛል።

እምቢ ቢሉኝ በእግሬ እሄድ ነበር። አበልጄ በሳንታ አና ዕለት ያሉትን አስታወስኩ።

«ሻምበል፣ አንድ ነገር ልለምንዎ» አልኩ። ቃሉ እንደ ክራንቻ ጥርስ ነው ተነቅሎ የወጣው። «ባዝራዋን ይስጡኝ። ለምንም አትረባም። እፈልጋታለሁ።»

ሻምበሉ ትልቅ እስትንፋስ ለቀቀ። «ክረምቱን ሙሉ ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬ ስጠብቅዎ ነበር እኮ፣ ዶን ክሬሰንሲዮ! እርስዎ ስለ ዝናብ ይነግሩኛል! ያልጠየቀኝን ሰው በግድ ስጦታ ብሰጠው እንደ ስድብ ይቆጥረዋል ብዬ ፈራሁ።»

«እቆጥረው ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው።

«ይውሰዷት» አለ።

ጦቢያስ ጥይቱን ከጠመንጃው አውጥቶ ወደ በረሃው ወረወረውና አቀፈኝ። ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገባ አለ። ከጠየቅኩ አይቀር ብዬ ለሻምበሉ «ከታሪክዎ ላይ ደግሞ ሦስተኛውን ክፍለ ጦር ይሰርዙልኝ፤ ምሽጉን የሠራው የኦሆ ብላንኮ ሕዝብ ነው ይበሉ» አልኩት። «አስብበታለሁ» አለ። ያስብበት። ባቡራቸው ሄደ። ሃሎራንም ወደ ሰሜኑ ሄደ፤ ቋጠሮዬን ሳንታ ፌ የሚፈታው ሰው ይራገማል።

አሁን ጣቢያው ላይ እኔና አበልጄ፣ ሻንጣቸውና ሞንሃ ብቻ ነን። ሞንሃ የሻንጣውን ቆዳ ትልሳለች። የኤል ፓሶው ባቡር የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው።

አበልጄ፣ የሚቀጥለውን እንደ ሌላው ሁሉ ይጻፉት። ውላችን ውል ነው፤ ተጽፎ ከሰማሁት እሺ ማለትዎ ነው፣ ካልወደዱት ይተዉት። ሲያነቡልኝ አለመኖሩን እሰማለሁ፣ አልቀየምም፣ ነገ ጠዋት ሻንጣዎን ራሴ ባቡሩ ላይ እጭናለሁ፣ ጥሩ አድርጌም እቋጥረዋለሁ።

ፓድሬ ሊዮንን ያስጠየቀው ሰው ከሩቅ አይደለም። ሸሚዙን አጥበውለታል።

ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። ጣሪያው አያፈስም። የምሥራቁ መስኮት ለጽሕፈት ጥሩ ብርሃን አለው፤ ይኼን ያስተዋልኩት ዘንድሮ ነው። ግድግዳው በየዓመቱ መለሰን አለበት፣ እኔ ጭቃውን እረግጣለሁ። ሊቀ ጳጳሱን እኔ እጠይቃለሁ፤ መጠየቅ ዛሬ ተምሬያለሁ። ለፍሎሬንሲዮም እኔ እነግረዋለሁ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ይሰማኛል። ኤል ፓሶ አይሂዱ። ከእኔ ጋር ወደ ኦሆ ብላንኮ ይመለሱ፣ ሞንሃ ላይ ተቀምጠው፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ያግቡኝ።

ብዕሩ ሲፋቅ እሰማለሁ። ብዕር ሲፋቅ ግን ምን እንደሚጽፍ አይታወቅም።

እንግዲህ ጨረስኩ። ካሲልዳ፣ ባቡሩ ከሄደበት ጀምረው ያንብቡልኝ። ቀስ ብለው።